ያልጻፍኋት መርፌ

ስኳር አለብሽ ከተባልሁ ወዲህ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከቤቴ እስከ ጤና ጣቢያው ያለውን መንገድ ድንጋዩን ሳይቀር ለይቼ አውቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ተራዬ ደርሶ ስገባ ነርሷ፣ ቀጭን፣ ሣቂታ ልጅ ናት፣ ጥጡን አልኮል እየነከረች «እማማ የሺ፣ ዛሬ ይወጋሉ» አለችኝ። መጀመሪያ ሽታው መታኝ፤ ከሽታው ኋላ ቃሉ መጣ። ወደ ኋላ ተመልሼ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ልጅቱ መርፌ የፈራሁ መስሏት «ኧረ እማማ! ይኼን ሁሉ ዘመን ኖረው?» ብላ ሣቀችብኝ። መርፌ አልፈራም። የምፈራው ያን ቃል ብቻውን ሲባል ነው። ቤቴ ስገባ ደብተር አወጣሁ። አጻጻፌ ዝግ ያለ ነው፤ አንዱን ቃል በሁሉም ጎኑ ሳላገላብጥ ወደሚቀጥለው አልሄድም። ድሮ እንዲህ አልነበርሁም። ድሮ ፈጣን ነበርሁ፤ ፍጥነቴም ባሌን ጨምሮ ሁለት ሰው ፈጀ።

ያኔ ከቡሬ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ባለች መንደር ነበር የምንኖረው። ዘመኑን በገዢዎቹ ስም ከምጠራው በልብሱ ብጠራው ይቀለኛል። ወንዱ ካኪ ቁምጣ በካኪ ኮት የሚለብስበት፣ ሴቷ አበባ ያለበት ናይለን ቀሚስ ካገኘች ለንግሥ ብቻ የምታወጣበት፣ ኮንጎ ጫማ ታጥቦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀልበት ዘመን ነበር። የቡሬ መናኸሪያ አጥር አልነበረውም። መኪናው የሚቆመው ልብስ ሰፊዎቹ ከተደረደሩበት ጥግ ነበር፤ የስፌቱ ድምፅና የሞተሩ ድምፅ ይደባለቃል። ከጥጉ ሻይ ቤት ቴፑ ከጠዋት እስከ ማታ ያንጎራጉራል፤ ካሴቱ ሲላላ ባለቤቱ እርሳስ ሰክቶ ያጠነጥነው ነበር። ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በስሙኒ። ባሌ ይሁኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዷን ቦምቦሊኖ ለሁለት ይገምስና ትልቁን ግማሽ ለኔ ይሰጠኛል፤ «ተማሪ ቶሎ ይራባል» እያለ ያሾፍብኛል። ሲያገባኝ ስምንተኛ ክፍል ደርሼ ነበር። በመንደሩ ፊደል የምትለይ ሴት እኔ ብቻ ስለ ነበርሁ ከወታደር ቤት የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ እኔ ዘንድ ይነበባል፤ መልሱንም የምጽፈው እኔው ነኝ። የበርበሬ ወራት ሲደርስ ከተማው በሙሉ ያስነጥሳል፤ እኔም እያስነጠስሁ እጽፋለሁ። አሁን ያን ጥግ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። አስፋልቱ ተዘርግቷል፣ ባጃጁ ይተራመሳል፣ ሰፊዎቹ በነበሩበት ቦታ የሞባይል ሽፋን ይሸጣል።

ጎረቤታችን አለልኝ ከአገው ወገን ነበር፤ ቤት ውስጥ አገውኛ፣ ደጅ ሲወጣ አማርኛ ይናገራል። ሚስቱ ብዙአየሁ ዝምተኛ ነበረች። ውኃ አብረን ስንወርድ እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትሰማለች። ዝምታዋን አማርኛው ስለሚከብዳት ነው ብዬ ለራሴ ተርጉሜው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም። አለልኝና ይሁኔ ከዚያ ቀደም ባለው ክረምት በእርሻ ድንበር ተጣልተው በዱላ ተፈነካክተዋል። የይሁኔ ግንባር ተተርትሮ አጥንቱ ታይቶ ነበር፤ አለልኝም ሁለት የፊት ጥርሱን አጣ። ያኔ የይሁኔ ታናሽ ወንድም ስማቸው አብሮን ይኖር ስለ ነበር የወንድሙን ደም በእጁ አብሷል። «ይኼን ሰውዬ አንድ ቀን...» ብሎ ሳይጨርሰው ደምበጫ ወርዶ አናጢ ቤት ተቀጠረ። እሱ ከሄደ በኋላ ሽማግሌ ገባ፣ ታረቁ፣ ድንበሩ ላይ አብረው ድንጋይ ተከሉ። መታረቃቸውን ለስማቸው የነገረው ግን የለም። የመንደሩ ደብዳቤ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ለሰው ሁሉ እየጻፍሁ ለሱ ይኼን አልጻፍሁለትም። ጠብ ወሬ ነው፤ እርቅ ግን ወሬ አልመሰለኝም ነበር።

በዚያ ዓመት መኸር ላይ የአለልኝ ውሻ አበደ። ይሁኔን ባቱን ዘነጠለው፤ ሥጋው እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለ። አለልኝ ከቤት ሮጦ ወጣና ከቡችላነቱ ያሳደገውን ውሻ በዶማ ቀጠቀጠው። ሞቶም አልተወውም፤ ጭንቅላቱ ከአፈሩ እስኪቀላቀል ድረስ መታው፣ እየመታም ያለቅስ ነበር። ከዚያ ደም የነከረው እጁን ሳይታጠብ ይሁኔን አዝሎ ቡሬ አደረሰው። ያኔ ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው እምብርቱ ዙሪያ በየቀኑ መርፌ ይወጋ ነበር፤ ብዙ ቀን። አለልኝ አንድም ቀን አልቀረም። የራሱን አጨዳ ጥሎ ይሁኔን ደግፎ ይወስደዋል፣ ደግፎ ይመልሰዋል። እኔ ትንሿን ልጃችንን ለጎረቤት ትቼ ከኋላቸው ስንቅ ይዤ እሄዳለሁና ሲቀላለዱ እሰማቸው ነበር።

«አያ ይሁኔ፣ ሆድህን ወንፊት አረጉት እኮ! ጠላ ብትጠጣ ይፈስሃል።»

«ያንተ ውሻ የነከሰኝ ካንተ ሊያጋባኝ ኖሯል። ይኸው ሳምንት ሙሉ ክንድህ ላይ ተንጠልጥዬ!»

በቤታችን «መርፌ» የሚለው ቃል በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ጠዋት «ተነሥ እንጂ፣ ትወጋ የለም?» እለዋለሁ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ «ዛሬም ተወጋ፤ ነገም ይወጋል» እላለሁ። ሁላችንም ነገሩን ስለምናውቀው ቃሉን መሸከም አላስፈለገንም። አሁን ሳስበው፣ ሰው ከሰው ጋር ብዙ ሲኖር ግማሹን ንግግሩን ይጥለዋል፤ የጣለውን ሌላው ሰው አንሥቶ የሚሞላለት ይመስለዋል።

ዓርብ ዕለት ከጤና ጣቢያ ስንወጣ ወደ ደምበጫ የሚሄድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ቆሞ አየሁ። ጤፋችን ማሳው ላይ ሊረግፍ ደርሶ ነበር፤ ይሁኔ ማጭድ መያዝ አይችልም። ስማቸውን ልጥራው ብዬ ሾፌሩን ለመንሁት፤ አናጢ ቤቱን ያውቀዋል። የሲጋራ ፓኬት ቀድጄ ጉልበቴ ላይ መጻፍ ጀመርሁ።

«እትዬ፣ ቶሎ በይ እንጂ! ዳዊት ነው እንዴ የምትደግሚ?» አለኝ መሪውን እየደበደበ።

«ይኸው፣ ይኸው ጨረስሁ!»

የጻፍሁት ይኼ ነው፦ «ለወንድማችን ስማቸው። በአለልኝ ምክንያት ይሁኔ ቅዳሜ ቡሬ ላይ ይወጋል። ድረስ። እኅትህ የሺ።»

ድረስ ያልሁት ጤፉን እንዲያጭድልኝ ነው። በአለልኝ ምክንያት ያልሁት ውሻውን ማለቴ ነው፤ የውሻውን ነገር ገበያተኛ አድርሶለታል ብዬ አስቤ ነበር። ቅዳሜንና ቡሬን የጠቀስሁት ከጤና ጣቢያው መጥቶ እንዲያገኘን ነው። ይኼ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበረ፤ ወረቀቷ ላይ አልነበረም። የጎደለችው ሦስት ፊደል ያላት አንዲት ቃል ናት፣ መርፌ፤ ወረቀቷ ላይ ቦታም ነበራት። ስማቸው ደምበጫ ሆኖ ያነበበው ግን ወንድሙን አለልኝ ቅዳሜ በጩቤ እንደሚያስወጋው ነው።

ቅዳሜ ገበያው ሞልቶ ነበር። ይሁኔ ተወግቶ ወጥቶ ከጤና ጣቢያው ኋላ ባለው ሣር ላይ በጀርባው ተጋድሟል፤ የዚያን ቀኑ እንደ እሳት አቃጥሎት ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ያቃስታል። አለልኝ አጠገቡ ተንበርክኮ ሸንኮራ በካራ ይልጥለታል። እኔ ጨው ልገዛ ከመንገዱ ማዶ ነበርሁ። ስማቸው ከመኪና ዘሎ ወርዶ ሲሮጥ አየሁት፤ መጥረቢያው ከጋቢው ሥር ብቅ ብሎ ነበር። «ስማቸው!» ብዬ ጮኽሁ። በየተራው የሚጮኸው ነጋዴ ድምፄን ዋጠው። እሱ ያየው ወንድሙ ሆዱን ይዞ ወድቆ፣ አለልኝ ካራ ጨብጦ በላዩ አጎንብሶ ነው። ከዚያ የሆነውን ይሁኔ ነው የነገረኝ። አለልኝ ቀና ብሎ አየውና በዚያ ሁለት ጥርሱ በጎደለው አፉ ፈገግ አለ።

«ስማቸው! ደረስህ? አይዞህ፣ ተወግቶ ነው» አለው።

ሌላ ቃል አልተናገረም። መጥረቢያው አንገቱና ትከሻው ከሚጋጠሙበት ላይ ገባ። ስማቸው ሲነቅለው አለልኝ ገና ተንበርክኮ ነበር፤ ሸንኮራውንም አልለቀቀም። ሁለተኛው ፊቱን ለሁለት ከፈለው። ሦስተኛውን ሲያነሣ እኔ መንገዱን ተሻግሬ ነበር፤ ይሁኔ በደረቱ እየተሳበ የወንድሙን እግር ይዞ «ተው! መርፌ ነው! መርፌ ነው እኮ!» እያለ ይጮኻል። የጎደለችው ቃል ያኔ መጣች። ስማቸው ሰምቶም አልገባውም። መጥረቢያውን ጣለና የወንድሙን ሸሚዝ ቀደደ፤ ደም በደም በሆነ እጁ ሆዱን እየዳበሰ ቁስሉን ይፈልጋል። ያገኘው የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ነው፣ እምብርቱን ከብቦ። አንድ በአንድ በጣቱ ነካቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረ። ኪሱ ገብቶ ወረቀቷን አወጣና እግሬ ሥር ወረወራት፤ በበርበሬው ተራ መሀል ጆንያ እየገለበጠ ሮጠ። ቆላ ወረደ ተባለ እንጂ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

በዚያች ሌሊት ስለ ወረቀቷ ለይሁኔ ነገርሁት። «እኔም መጻፍ ብችል እንዲያው ነበር የምጽፈው» አለኝ። ይኼን ያለኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ የምኖረው በሱ ነው።

ገዳይ ከጠፋ ደሙ የሚፈለገው ከወንድሙ ነው፤ ያኔ አገሩ እንዲህ ነበር። የአለልኝ ታላቅ ወንድም ፈንታ ምንሽሩን አንግቶ ከአገው ምድር መጣ፤ አማርኛ ብዙም አይችልም። ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አስቀመጡን። ዋናው አያ ደርሰህ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ቅኔ የተማሩ፣ አገር የሚፈራቸውና የሚስቅላቸው ሰው። ይሁኔ እንደ ደንቡ ባዶ እግሩን ሆኖ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ተንበረከከ። እኔም አጠገቡ ተንበረከክሁ። ብዙአየሁ ጥቁር ለብሳ ከፈንታ ኋላ ተቀምጣለች። ሴት በእንዲህ ያለ ቦታ አትናገርም፤ እኔ ግን የባሌ ነፍስ በአንዲት ቃል እንደ ጠፋች በአንዲት ቃል ትመለሳለች ብዬ አምኜ ነበር።

«አባቶቼ፣ ስሙኝ» አልሁ። «አለልኝን የገደለው ይሁኔ አይደለም። ስማቸውም አይደለም። አለልኝን የገደለው ብዕሬ ነው።»

ከዚህ በላይ ግልጽ የሆነ ንግግር ያለ አልመሰለኝም። ቀጥዬ ወረቀቷን ላሳይ እጄን ወደ መቀነቴ ሰድጄ ነበር። ነገር ግን በኛ አገር በትልቅ ሰው ፊት የተነገረ ነገር እንደ ተነገረ አይወሰድም፤ ይመረመራል። አያ ደርሰህ ጉልበታቸውን መቱ።

«እሰይ! እንዲህ ነው ንግግር! ልብ ብላችኋል? ብዕሬ አለች! ሰሙ ብዕር፣ ወርቁ የግእዙ ብዕራይ፣ በሬ። በሬዬን ሰጥቼ ልካስና ደሙ ይድረቅ ማለቷ ነው።»

«አይደለም አባቴ! ብዕር ነው ያልሁት፣ የምጽፍበት...»

«ገብቶናል ልጄ፣ ገብቶናል። አሳምረሽዋል፤ አታበላሺው።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዱ «ተማሪ ናት እኮ» ብሎ አደነቀኝ። የፈንታ ፊት ጠቆረ። «በሬ?» አለ። ያቺን ቃል ለይቶ ያውቃታል። «ወንድሜ፣ በሬ?» ብድግ ብሎ በምንሽሩ ሰደፍ ይሁኔን አፉ ላይ መታው። ድንጋዩ ከማጅራቱ ተንከባለለ። ይሁኔ ደምና ጥርስ ተፋ፣ ድንጋዩን በእጁ ፈልጎ መልሶ ማጅራቱ ላይ ጫነው። ማንም አላየለትም። ሽማግሌው ሁሉ ተነሥቶ ፈንታን «ተው፣ በቅኔ ነው፣ በቅኔ ነው» እያለ ይለማመጣል። ፈንታ ብዙአየሁን በክንዷ ይዞ ወጣ።

በሳምንቱ ጠዋት ፈንታ ይሁኔ ላይ ተኮሰበት። ጤፉን ራሳችን እያጨድን ነበር፤ ይሁኔ ከፊቴ ዐሥር ርምጃ ያህል ርቆ ያጭዳል፣ እኔ ነዶ አስራለሁ። ድምፁን ስሰማ ይሁኔ የቆመ መሰለኝ፤ ከዚያ ጉሮሮው ሲከፈት አየሁ። ሮጬ አቀፍሁት። በሁለት እጄ ደፍኜ ልይዘው ሞከርሁ፤ በጣቶቼ መሀል ይፈነጥቃል። ዐይኑ ዐይኔ ላይ ነበር፣ ከንፈሩም ይንቀሳቀሳል፤ የሚወጣው ግን ደም እንጂ ቃል አልነበረም። ሊለኝ የፈለገውን አላወቅሁም። ጆሮዬን አፉ ላይ ስለጥፍ ትኩሱ ደም ጆሮዬ ውስጥ ፈሰሰ። የዚያ ዓመት ጤፍ ታጭዶ አላለቀም።

የሦስት ዓመት ሴት ልጄን አዝዬ ፍኖተ ሰላም ገባሁና ፍርድ ቤቱ በር ላይ አንዲት ጠረጴዛና ጃንጥላ ይዤ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆንሁ። ከደጋ ዳሞትም ከፈረስ ቤትም የሚመጣ ባለጉዳይ ፊቴ ይቆማል። «መታኝ በይልኝ» ሲለኝ «በምን መታህ? የት ላይ? አንተ ምን ብለኸው?» እላለሁ። የተናገረውን ሦስት ጊዜ ሳላስደግመው አልጽፍም። «ድገመው» የሚል ቅጽል ስም አወጡልኝ፤ «ድገመው ጋ ሂድ፣ ትዘገያለች እንጂ አትሳሳትም» ይባባላሉ። እንዲህ እየኖርሁ ያቺን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ንግግሬን በልቤ ስንት ጊዜ አስተካከልኋት! ብዕር ባልል ኖሮ። ወረቀት ብል ኖሮ። ወይም ብዙአየሁ አማርኛው ቢገባት ኖሮ፣ ለፈንታ በአገውኛ ትነግረው ነበር፤ ይሁኔም ይኖር ነበር። ሰው ስላልገባው የሆነ ነው እያልሁ ሌሎቹን ሁሉ ይቅር አልሁ፤ ራሴን ብቻ አልማርሁም።

ዘንድሮ ለልቅሶ ቡሬ ሄጄ ስመለስ ከመናኸሪያው አግዳሚ ላይ ብዙአየሁን አገኘኋት። ከይሁኔ ሞት ወዲህ አይቻት አላውቅም፤ ያወቅኋት ግን ገና ከሩቅ ነው። ፈንታ እስር ቤት ሳለ እንደ ሞተ ሰምቻለሁ። መሳሳሙን ሁለታችንም አልደፈርነውም። አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«የሺ ነሽ?»

«ነኝ። አማርኛሽ ጠራ እኮ፣ ብዙአየሁ።»

ሣቀች። «መቼ ደፍርሶ ያውቃል? እናቴ የደምበጫ ሰው ናት። አንቺ ስታወሪ እኔ መቼ ተራ ደርሶኝ!»

እኔ አልሣቅሁም። «እንግዲያ ያን ቀን፣ ሽማግሌዎቹ ፊት...»

«ብዕር ነው ያልሽው» አለች። ሣቋ ጠፋ። «አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። ፈንታም ሞኝ አልነበረም፤ ቤት ስንገባ ጠየቀኝ። ‹ያቺ ሴት እንዲያ አልቅሳ የተናገረችው በሬ አይመስለኝም፤ ምንድን ነው ያለችው? አንቺ ንገሪኝና የምትዪውን አደርጋለሁ› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«የኔ ባል ከአፈር በታች ነው። ያንቺ ከነድንጋዩ አጠገብሽ ተንበርክኳል፤ ትከሻችሁ ይነካካል። እሱን ነበር ሳይ የዋልሁት።» እጆቿን ጉልበቷ ላይ አቆላለፈች። «‹በሬ ነው ያለችው› አልሁት።»

ምርኩዜን መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም። አፏ ላይ መታኋት። ከአግዳሚው ወደቀች፣ እኔም ቆሜ ደገምኋት፤ ትከሻዋ ሲሰነጠቅ በእንጨቱ በኩል እጄ ድረስ ተሰማኝ። ስመታት ፊቷን በእጇ አልጋረደችም። ሦስተኛውን ሳነሣ ሰዎች ከኋላ ያዙኝ። «ኧረ ምን ጉድ ነው! ኧረ አሮጊቶች!» ይላል ሰዉ። አንድ ፖሊስ ሮጦ መጣና ብዙአየሁን አንሥቶ አስቀመጣት። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

«እማማ፣ እኝህ ናቸው የመቱዎት?»

«ወድቄ ነው፣ ልጄ» አለችው።

«ውሸት ነው» አልሁ። «እኔ ነኝ የመታኋት። ባሌን በምላሷ ስላስገደለችው መታኋት። እንደዚያው ብለህ ጻፍ።»

ፖሊሱ ደብተሩን ከፈተና መልሶ ከደነው። ዙሪያውን ከቆመው ሰው ጋር ተያይቶ ፈገግ አለ። «እናቶቻችን መቼም ነገር ያውቃሉ። ባል፣ ምላስ... ይቺስ ወርቅ አላት» አለና ወደ ብዙአየሁ ጎንበስ ብሎ «ምን ማለታቸው ነው፣ እማማ?» አላት።

ብዙአየሁ ነጠላውን ከአፏ አነሣች። ብዙ አየችኝ።

«ያለችውን ማለቷ ነው» አለችው።